ሰዓቱ ሌላ፣ ቦቲው ሌላ

ንዲራንጉ ማንቆርቆሪያ ሲገዛ እንደ ሰው አይገዛም። መጀመሪያ ሳምንታት ያነባል፣ ከዚያ ይገዛል፣ ከዚያ ስለገዛው ይጽፋል። ቀን ቀን ቲካ ከተማ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ስለ ጆሮ ማዳመጫ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ምድጃ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ረጃጅም ጽሑፍ ያወጣል። ጻፍልን ያለው የለም። የሚያነቡትም እኔ፣ ታናሽ ወንድሙ እና ኤልዶሬት የሚኖር፣ በምንም ነገር የማይስማማ አንድ ሰውዬ ነን።

ስለ ማንቆርቆሪያው የጻፈውን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ነው። እጮኛዬ እግሯን መርገጥ ሳትጀምር ውሃው ፈልቷል።»

እግር መርገጥ ያለው እውነቱን ነው። መጠበቅ አልችልበትም። ውሃ እስኪፈላ፣ በር እስኪከፈት፣ ሰባኪ «በመጨረሻም» ብሎ እስኪጨርስ ድረስ የግራ ተረከዜ ሳላዘው ይነሳል፣ ይወርዳል፣ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጥኩ ይመስላል። የኤልዶሬቱ ሰውዬ ከጽሑፉ ግርጌ «ይህ መለኪያ ሳይንሳዊ አይደለም፤ ቴርሞሜትር ይጠቀሙ» ብሎ ጻፈ። ንዲራንጉም «ከእርስዎ ቴርሞሜትር ይልቅ እሷን አምናለሁ» ብሎ መለሰለት። ላገባው የወሰንኩት በዚህች መልስ ነው ብል አታምኑኝም። ስለዚህ አልልም።

እኔ ጋቶኒ እባላለሁ። የምሠራው መድን ድርጅት ውስጥ ነው፤ «መኪናዬ በቆመችበት ዛፉ መጥቶ ገጫት» የሚሉ ሰዎችን ማመልከቻ ሳነብ እውላለሁ። የሰው ሰበብ ከሩቅ ይሸተኛል። ንዲራንጉ ይህን ያውቃል፤ እያወቀም ሰበብ ይሞክርብኛል።

ድሮ ሲዘገይብኝ እደውልና «የት ደረስክ?» እለው ነበር። «በሩ ላይ ነኝ» ይላል። ያ ማለት ገና ካልሲ እየፈለገ ነው ማለት ነው። ሲመጣ እኔ ለመቆጣት፣ እሱ ለመማለድ የሚበቃ ወሬ ይዞ ይመጣል፦ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ውስጥ ስለተጣሉት ሴቶች፣ መንገድ ላይ ስለተኛችው ላም፣ ስለ ፖሊሱ። ኋላ ስልኮቻችንን አገናኘንና እሱ ያለበት ቦታ በካርታ ላይ እንደ ሰማያዊ ነጥብ ይታየኝ ጀመር። ነጥቡ አይዋሽም። ስለማይዋሽ አልጠይቅም፤ ስለማልጠይቅ አይነግረኝም። ላሟም፣ ፖሊሱም፣ ሴቶቹም ከውሸቱ ጋር አብረው ሄዱ። ይህንን ስለ ስልክ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ፣ የሱንም ጨምሮ፣ የትም አላነበብኩትም።

የሠርጋችን ቀን ሲቃረብ ንዲራንጉ ፍርሃት ያዘው። ፍርሃቱ ከኔ አልነበረም፤ ከሰልፉ ነበር።

እኛ ኪኩዩዎች ሙሽራ ሙሽራይቱን ከመውሰዱ በፊት እንደሚያውቃት እንዲያሳይ እናደርገዋለን። ወገኖቿ እሷንና በቁመት የሚመስሏትን ሴቶች ከራስ እስከ እግር ሌሶ በሚባል ሰፊ ጨርቅ ይሸፋፍኑና ግቢው መሀል ይደረድሯቸዋል። መናገርም መንካትም የለም። ሙሽራው ባለአበባ ጨርቅ በለበሰው ሰልፍ ፊት ይመላለስና አንዷን ይገልጣል። ከሳተ ለአክስቶች ብርድ ልብስ ይቀጣና እንደገና ይሞክራል። ቅጣቱ ያልቃል፤ ሳቁ ግን አያልቅም። የንዲራንጉ ታላቅ ወንድም ከዓመታት በፊት ስቶ የሙሽራይቱን የሥራ ባልደረባ ገልጧል። ዛሬም «ጨው በዝቷል» ባለ ቁጥር ሚስቱ «አንተ ደግሞ ምን ለይተህ ታውቃለህ?» ትለዋለች።

ሰው ሁሉ ይህን እንደ ጨዋታ ነው የሚያየው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠብቀው ይህንኑ ነበር። ቀለበቱም፣ ቀሚሱም፣ ኬኩም ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ፊቴን ሳያይ፣ ድምፄን ሳይሰማ፣ ሳይደውልልኝ የሚያውቀኝ ሰው እንዳለ አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ፈለግሁ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካችንን በካርታ ብንፈላለግም ይሁን።

ከሠርጉ በፊት ባለው ወር ንዲራንጉ ስጦታ ሰጠኝ፤ ሳንቲም የምታክል፣ ከቁልፍ መያዣ ጋር የምትንጠለጠል መፈለጊያ። ቁልፍ ሲጠፋ ስልኩ በቀስት ወዴት እንዳለ ይመራል፤ ሲቀርቡት ደግሞ ከስልኩ ጋር የተገናኘው የእጅ ሰዓቱ ይነዝራል። ሲያስተካክላት ስልኩ ስም ጠየቀው። «ጋቶኒ» ብሎ ጻፈ።

«‹ቁልፍ› አትላትም?»

«ቁልፉስ የማን ነው?» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም።

በሠርጉ ዋዜማ ኦል ካሎ፣ አባቴ ቤት ሳለሁ ደወለ።

«ነገ ቁልፍሽን እንዳትረሺ።»

«የምን ቁልፍ? እዚህ ቤት ቁልፍ የለም፤ ውሻ ነው ያለው።»

«ማለቴ... ለዕድል። ኪስሽ ውስጥ ትሁን።»

«የባዮሎጂ አስተማሪ ሆነህ በዕድል ታምናለህ?»

«ለአንድ ቀን ብቻ» አለ።

ዛፉ መጥቶ መኪናዋን ገጫት። ስልኩን ዘጋሁና አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ያንን ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊት አቁሞ በቀስት ሊያገኘኝ ነው! እንደ ቁልፍ! ደውዬ «ደርሼብሃለሁ» ማለት እችል ነበር። ግን ብነግረው የሚተወው ስለተያዘ ነው፤ እኔ ደግሞ በራሱ እንዲተወው ፈለግሁ። እንዴት ብሎ እንደሚተወው ግን አላሰብኩበትም። የተናደደ ሰው ብዙ አያስብም።

ጠዋት ታናሽ እህቴን ዋምቡራን ጓዳ ጠራኋትና መፈለጊያዋን መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ዋምቡራ ቁመቷ ከኔ ጋር አንድ ነው፤ ባለትዳር ናት፤ ክፋት ደግሞ ትወዳለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ንዲራንጉ ነው።»

«እንዴት?»

«ኪስሽ ክተቺው፤ ወዳንቺ ይመጣል።»

ነገሩን ስነግራት አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። «አንቺ ክፉ! በገዛ ሠርግሽ? ባሌስ ሲያየኝ ምን ይላል?»

«ባልሽ የሚያየው ፍየሉን ብቻ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለችና ከተተችው።

ስልኬን አየሁ። የንዲራንጉ ነጥብ ወደኛ በሚያመጣው መንገድ፣ ኪናንጎፕ ዳገት ላይ ቆሟል። ቆየሁና ሳየው እዚያው ነው። ጎማ ፈንድቶባቸው ይሆናል ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩት። አልደወልኩም። ነጥቡ እያለ ምን ብዬ እደውላለሁ?

የአባቴ እህት ታታ ሙጉሬ ሙሽራ በመሸፋፈን በአገሩ ሁሉ የታወቀች ናት። «ወንድ ፊት አያውቅም፤ የሚያውቀው ጫማ ነው» ትላለች። ለዚህም ስትል ከወተት ማኅበሩ ጥቁር የጎማ ቦቲ ለሁላችንም ተውሳ አመጣች። ዝናቡ ግቢውን ቀድሞ አጨቅይቶት ስለነበር ቦቲው አልበዛብንም። ሌሶውን እያጠለቀችብን «ማንም እንዳትስል! ማንም እንዳትስቅ! የሳቀች ብርድ ልብሷን ታጣለች!» አለች። ተያይዘን እንደ ዕውር ወጣን።

ሌሶ ውስጥ ዓለም ቀይና ቢጫ ናት። የሚታየኝ ከጨርቁ ጫፍ በታች ያለችው መሬት ብቻ ነበረች፤ ጭቃ፣ የተረገጠ የጎመን ቅጠል፣ የቦቲዬ አፍንጫ። ዘፈኑ ቆመ። የንዲራንጉ አጎት ዋሂኒያ ድምፅ መጣ፦ «በል ልጄ! ቤታችንን እንዳታዋርድ፤ አንድ ወንድምህ ይበቃናል!»

«ቀስ በል አንተ ልጅ፣ አትቸኩል!» አለች ታታ ሙጉሬ። «ብቻ ብርድ ልብሱ ወፍራም ይሁን!»

በሰው ሳቅ መሀል ጫማዎቹ መጡ። ቡናማ ናቸው፤ ጠዋት ተወልውለው አሁን ጭቃ ጠጥተዋል። ከሰልፉ ዳር ጀምረው አንድ በአንድ አለፉ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ቆሙ ብቻ ሳይሆን ዞረው አፍንጫቸውን ወደኔ አደረጉ። በአፍንጫው ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ የዕቃ መመሪያ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሲያነብ እንዲህ ነው የሚተነፍሰው። ተረከዜ ሳላውቀው ተነሳ። ቦቲው ጭቅ አለ።

ግማሽ እርምጃ ወደኔ ቀረበ።

አወቀኝ። ይህን በልቤ አይደለም የምለው፤ አየሁት፣ ጫማው ነገረኝ። ገላጩ እጅ ሊነሳ ሲል ግን ዝዝዝ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእጅ ሰዓቱ ነው። የግራ ጫማው ወደ ግራ ዞረ፤ የቀኙ እኔ ዘንድ ቀረ። ትንሽ እንደዚያ ቆየ፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ። ከዚያ ቀኙም ግራውን ተከትሎ ሄደ።

ግቢው በአንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዳ።

«እንኳን ደህና መጣህ የኔ ጌታ!» ስትል ሰማሁ ዋምቡራን። «እኔ ግን ባል አለኝ፤ ሁለተኛ አንጨምርም!»

«ወይ ጉድ!» አለ አጎት ዋሂኒያ። «ይሄ ነገር በደማችን ነው ማለት ነው!»

ወደ ቤት መልሰው ሲያስገቡን ሴቶቹ እየተደጋገፉ ይስቃሉ። እኔ ሌሶዬን ከራሴ ላይ ገፍፌ ድንች በተሞላ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ታታ ሙጉሬ አየችኝ።

«ምነው ፊትሽን ጣልሽው? የማይስት አለ እንዴ? የኔ ባል የጎረቤታችንን ሴትዮ ገልጦ ‹እሷ ናት› ብሎ ሊከራከረን ነበር።»

«አላወቀኝም ብዬ አይደለም ታታ። አውቆኛል። አውቆኝ ነው ትቶኝ የሄደው።»

«አውቆ ከሄደማ ቅጣቱን እናብዛበት እንጂ!»

«ሰዓቱ ጠራው» አልኩና ሁሉን ነገርኳት፤ ስለ መፈለጊያዋ፣ ስለ ስልኩ ጥሪ፣ ስለ ዋምቡራ ኪስ። አሰበች። ወዲያው የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ አሳሳቹ አንቺ ነሻ» አለችኝ።

«እሱ እኮ ነው ሊያጭበረብር...»

«ልጁ ፈራ። አንቺ ደግሞ የፈራበትን ጉድጓድ ቆፈርሽለት። አሁን ብርድ ልብስ ሁለት ሆነ፤ እኔ ቅር አይለኝም።»

ይህን ብላ ሌሎቹን ልታስተካክል ሄደች። ዋምቡራ ጆንያው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና መፈለጊያዋን አወጣች። «እንኪ። ኪስሽ ክተቺው፤ ያግኝሽ፤ እንብላ። የድንች ሙኪሞው እየደረቀ ነው፣ ፍየሉም እየቀዘቀዘ።»

እጄ ላይ ያዝኳት። ቀላል ነበር። ቀስቱ ይመራዋል፣ ሰዓቱ ይነዝራል፣ እልል ይባላል፣ እኛም እንበላለን። ማንም አያውቅም። ወይም ደግሞ አሁን ሰዓቱን ፈርቶ ከሚነዝርበት ይሸሽና ሌላዋን ይገልጣል፤ ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ሆና ታስጥለኛለች። ይህ ሲታየኝ ሳቄ መጣ። የዕቃው ሥራ እኔን ማግኘት ነው፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱ እንዲያገኘኝ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ የነገረን ማን ነው?

«ከዚህ ቤት አውጪልኝ» አልኳት።

ዋምቡራ በጓሮ በር ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«የት ጣልሽው?»

«አልጣልኩም። የሚሄድ ነገር ላይ አሰርኩት።»

ሌሶውን ራሴ አጠለቅሁት። ግን ንዴቴ አልበረደም ነበርና አንድ ነገር ወሰንኩ፦ ድንጋይ እሆናለሁ። እግሬን አልረግጥም። መጀመሪያ የሰጠሁትን ምልክት ንቆት ሄዷል፤ ሁለተኛ አልሰጠውም። ያለሱ ካወቀኝ ያውቀኝ።

ተያይዘን ወጣን። ካፊያ ጀምሯል። ጫማዎቹ ግቢው መሀል ቆመው ይታዩኛል።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ አጎት ዋሂኒያ ድንገት። «ሰዓቱን አወለቀ እኮ! አንተ፣ ልትደባደብ ነው እንዴ?»

«ያዝልኝ አጎት። ስልኩንም ያዝልኝ።»

«ስልኩንም? ይሄ ልጅ አሞታል!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ሌሶው ውስጥ ጥርሴን ነከስኩ።

ጫማዎቹ ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልመጡም። መሀል ላይ እንደተተከሉ ቀሩ። ሳቁ ቀስ በቀስ ወደ ጉርምርምታ ተለወጠ።

«ተኛ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ከዚያ ሆኖ በጸሎት ሊያገኛት ነው!» አለች ታታ ሙጉሬ። «ልጄ፣ ዝናብ ላይ ነን!»

ንዲራንጉ ቆሟል። አልተንቀሳቀሰም። ምን እያደረገ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የገባው ለኔ ብቻ ነበር። ማንቆርቆሪያ ጥዶ ነው።

አይሆንም፣ አልኩ። ድንጋይ ነኝ። ስለ መድን ማመልከቻዎች አሰብኩ። ስለ ጎመን ቅጠሉ አሰብኩ። ለአክስቶች ስለሚመጣው ብርድ ልብስ ቀለም አሰብኩ። ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ካፊያው ብቻ ሌሶዬን ይነካካል። እሱ ይጠብቃል። እሱ መጠበቅ ይችላል! ማንቆርቆሪያ ለመግዛት ሳምንታት የሚያነብ ሰው ነው፤ እኔ ማንን ልረታ ነው? ተረከዜን ቁልቁል ጫንኩት። ጣቶቼን ቦቲው ውስጥ አጥፌ መሬቱን ያዝኩ።

ጭቅ።

አላዘዝኩትም። እምላለሁ፣ አላዘዝኩትም።

ጭቅ። ጭቅ።

ጫማዎቹ ዞሩ። ሳይቸኩሉ መጡ፣ ማንም ዘንድ ሳይቆሙ መጡ፣ አፍንጫቸውን ወደኔ አድርገው ቆሙ። ሌሶው ከራሴ ላይ ተነሳ። የንዲራንጉ ሽፋሽፍት ላይ ዝናብ አለ።

«ፈልቷል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እልልታ፣ ግርግርና ሥጋ ነው። አጎት ዋሂኒያ ሰዓቱን በራሱ እጅ ላይ አስሮ «ይሄ ነገር የልብ ምቴን ይቆጥራል፤ ምሳ ከቆየ ማስረጃ አለኝ!» እያለ ለአክስቶቼ ሲያሳይ ዋለ።

ማዕዱ ላይ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ጠየቅሁት።

«መጀመሪያውን አውቀኸኝ ነበር?»

«አውቄሽ ነበር።»

«ታዲያ?»

ሙኪሞውን በሹካ ሲያገላብጥ ቆየ። «ሰዓቱ እርግጠኛ ነበር። እኔ መስሎኝ ብቻ ነበር።»

«ለኤልዶሬቱ ሰውዬ ያንን ስትጽፍስ?»

«ሲጻፍ ቀላል ነው» አለ። ሰበብ አልጨመረበትም። ቀጥሎ «መፈለጊያዋን አንቺ ነሽ ለዋምቡራ የሰጠሻት?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እንደዚያ ከሆነ ብርድ ልብሱን እኩል እንካፈላለን» አለ። ሳቅሁ። ስስቅ የጠዋቱ ነጥብ ትዝ አለኝ።

«ኪናንጎፕ ላይ ለምን ቆማችሁ? ጎማ ነው?»

«አይ። እኔ ነኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከመኪና ወርጄ አስመለሰኝ። ሁለቴ። ታላቅ ወንድሜ ጀርባዬን እያሸ ‹አይዞህ፣ ብትስትም የጨው ተረቡ ይለመዳል› ይለኝ ነበር። አየሽው እንዴ?»

አይቼው ነበር። ሰማያዊ ነጥብ መንገድ ዳር ቆሞ። የት እንዳለ በትክክል አውቅ ነበር። እሱ ራሱ ግን ጎንበስ ብሎ ሣር ላይ ሲያስመልሰው፣ እኔ ስልኬን አስቀምጬ እህቴን «ወዳንቺ ይመጣል» እያልኩ ነበር። በዚያች ሰዓት ብደውል ኖሮ «በሩ ላይ ነኝ» ይለኝ ነበር፤ ድምፁን ስሰማ ደግሞ ሁሉን እተወው ነበር። ይህን አልነገርኩትም። ከሣህኔ ላይ ያለውን ወፍራም ሥጋ አንስቼ ሣህኑ ላይ አኖርኩለት።

ስልኩን ከአጎቱ ተቀብሎ ሲከፍት ፊቱ ተለወጠ። ቀስቱ እኔን ሳይሆን ጓሮውን ያሳያል። «ጋቶኒ እየራቀች ነው» ይላል ጽሑፉ። ተከትለነው ሄድን። የአባቴ ጥጃ፣ አንገቷ ላይ በቀይ ጨርቅ የታሰረ ነገር አንጠልጥላ፣ የጎረቤታችንን ጎመን ትበላለች።

አባቴ አላስፈታም አለ። ጥጃዋ ሁልጊዜ ስለምትጠፋ መፈለጊያዋ ጠቅማዋለች፤ ስትጠፋበት ለንዲራንጉ ይደውላል፣ ንዲራንጉም ቲካ ተቀምጦ «ጋቶኒ ከወንዙ ማዶ ናት» ይለዋል። ንዲራንጉ ስለ ዕቃዋም ጻፈ፦ ለቁልፍ ጥሩ ናት፣ ለጥጃ የበለጠ ጥሩ ናት፣ ለሌላ ነገር አይመከርም። የኤልዶሬቱ ሰውዬ «ለሌላ ነገር ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ ጠይቋል። እስካሁን አልመለሰለትም።

ሰማያዊው ነጥብ አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ አላጠፋነውም። ሲዘገይብኝ ግን አላየውም። በሩ አጠገብ እቆምና እደውላለሁ።

«የት ደረስክ?»

«በሩ ላይ ነኝ» ይላል።

ከጀርባው መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል። ካልሲ ነው። ተረከዜ ይነሳል።